ከባለቤቱ የተሰወረ ደመወዝ

በዚህ አገር ዘብ የማይቆምለት ነገር የለም። ወታደር ድንበር ይጠብቃል፣ ውሻ በር ይጠብቃል፤ ደመወዝ ከፋይ ደግሞ የራስህን ደመወዝ ከራስህ ይጠብቃል። ያላመነ ካለ ወር ሲያልቅ ዲላ፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ ድርጅት ግቢ ጎራ ይበልና ክቡር ሊቀ ማስመሪያ ጋሽ ጴጥሮስን ይመልከት።

ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሳሮን ናት፤ እዚያው መጋዘን ሚዛን ላይ የምትሠራ። ጋሽ ጴጥሮስ የደመወዝ መክፈያ ቅጹን፣ ፔሮሉን፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና ከፈራሚው ስም በላይ አንድ የብረት ማስመሪያ፣ ከስሙ በታች ሌላ ማስመሪያ ያጋድማሉ። አሃዙን በመዳፋቸው ይከድኑታል። ለሠራተኛው የምትተርፈው መፈረሚያዋ ሳጥን ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ምን እንደተቆረጠብኝ ልይ?»

«የሚቆረጠው ተቆርጧል ልጄ። ፈርመሽ በሰላም ሂጂ፤ ጌታ ይባርክሽ።»

ከአሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በሞተር የሚመጡት ሳይቀሩ ፈርመው በሰላም ይሄዳሉ። ምን ያህሉ ለግብር፣ ምን ያህሉ ለጡረታ፣ ምን ያህሉ «ልዩ ልዩ» ለሚባለው ጉድጓድ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ጉድ እኮ ነው! ሽንኩርት ሲገዛ ሚዛኑ ላይ አፍጥጦ የሚከራከር ሕዝብ፣ የወር ላቡን ሲቀበል ዐይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል። ጆንያ ተሸካሚው ጋዲሳ አንድ ጊዜ አንገቱን ቢያሰግግ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ፔሮሉ ላይ በደረታቸው ተኙበት።

«እኔ'ኮ የራሴን ነው ያየሁት!» አለ ጋዲሳ።

«የራስህንስ ማን ፈቀደልህ?» አሉት ከተኙበት።

እንግዲህ ሳሮን የደመወዝ ወረቀት የጠየቀች ዕለት የሆነውን አስቡት። ለቅንጦት አልነበረም የጠየቀችው። ታናሽ እህቷ ሮሆቦት የስንቱን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከርማ፣ በመጨረሻ በአንድ የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ እንድትሆን ተመርጣለች። ግን እስከ ዓርብ ደመወዙን በወረቀት የሚያስረዳ ወይም ቤቱን የሚያስይዝ ዋስ ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂው ያልፋል። ከሳሮን በቀር ደግሞ ደመወዝተኛ ዘመድ የላትም፤ ባለቤትማ ጭራሽ።

«ምን አልሽ?» ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የደመወዜን ወረቀት። ስንት እንደማገኝ፣ ስንት እንደሚቆረጥብኝ የሚገልጽ።»

«ተጽፎ?»

«ተጽፎ።»

«ማኅተም ተመትቶበት?»

«አዎ ጋሼ። ለእህቴ ዋስ ልሆናት ነው፤ እስከ ዓርብ ለቁጠባ ማኅበሩ ካላቀረብኩ ሥራው ያመልጣታል።»

«በኢየሱስ ስም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ደመወዝ'ኮ ምስጢር ነው!»

«ከማን?»

«ከሰው!»

«እኔስ?»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?»

ሳሮን ክው አለች። ስልኳን አውጥታ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አነበበችላቸው፤ ሠራተኛው ሲጠይቅ ሥራውን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው በነጻ ይሰጣል ይላል። ጋሽ ጴጥሮስ ራቁቱን አደባባይ የወጣ ሰው እንዳዩ ፊታቸውን አዞሩ። «ይኼ ለአዲስ አበባ የወጣ ነው» አሉ።

ቡና ሊገዙ ወደ ገደብ ወረዳ ለወረዱት ሥራ አስኪያጅ ደወለች። «እኛ'ኮ ቤተሰብ ነን ሳሮንዬ! በቤተሰብ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አሉና ዘጉባት። ቤተሰብ! አባት ቆጥሮ የሚበላበት፣ ልጅ ሳያይ የሚፈርምበት ቤተሰብ!

ዓርብ ጠዋት ሳሮን ባዶ እጇን፣ ቀን እንዲጨምሩላት ልትለምን ወደ ማኅበሩ ሄደች። በሩን ከፍታ ስትገባ እግሯ ተተከለ። ጋሽ ጴጥሮስ የቸርች ኮታቸውን ለብሰው ጸሐፊዋ ፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የቤታቸው ካርታ ተዘርግቷል። ቤቱ! ዘንድሮ ግድግዳ፣ ለከርሞ ጣሪያ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ቤት! አጠገባቸው ባለቤታቸው እትዬ አመለወርቅ ለመፈረም ተራ ይጠብቃሉ፤ ሮሆቦት ጥግ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከዚያች ጠዋት በፊት ባልም ሚስትም አይተዋት አያውቁም። ልጅቷ ነገ የማኅበሩን ካዝና ይዛ ሞያሌ ብትገባ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ይወድቃሉ።

ሳሮን መጮኽ ይሻላት ማልቀስ ጠፋት።

«ጋሼ! ቤትዎን ከሚያስይዙ ያቺን ወረቀት ቢሰጡኝ አይቀልም ነበር?»

ጋሽ ጴጥሮስ ብዕራቸውን ሳያነሱ በመገረም አይዋት።

«ቤቱ የእኔ ነው ልጄ። ደመወዝሽ ግን የድርጅቱ ምስጢር ነው።»

«ተይው የኔ ልጅ» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «የእሱን ደመወዝ እኔም ከተጋባን ጀምሮ እየጠየቅሁ ነው።»

ሮሆቦት ሥራ ጀመረች። ሳሮን ግን ነገሩን አልተወችውም፤ ሰኞ ማለዳ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታዋን አስገባች። ማንም የላቡን ዋጋ በጨለማ መቀበል የለበትም ብላ፣ የጋዲሳንና የአሪቻዎቹን ስም ጨምራ፣ ድርጅቱን ከሰሰች።

«ወረቀቱን የከለከለሽ ግለሰብ ማን ይባላል?» አላት ተቀባዩ።

ሳሮን የአቤቱታዋን ቅጂ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ምስጢር ነው» አለችው።