የፉርጎን ሲቪ ለማሻሻል የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዛሬ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለባጃጅ አሽከርካሪው ለአቶ ዛኪር ደውሎ፣ ለጥራት ተቆጣጣሪነት ያመለከቱትን ዊዳድ ሂሻምን ያውቋቸው እንደሆነ ጠይቋል። አቶ ዛኪር በዚህ ስም የሚያውቁት ሰው እንደሌለ መልሰዋል። በወ/ት ዊዳድ ሲቪ ላይ አንደኛ ሪፈረንስ ሆነው የተጻፉት አቶ ዛኪር ናቸው።

የስብሰባው ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት
የተጀመረበት ሰዓት፦ 10 ሰዓት ከ35

የተገኙ፦
1. አቶ አብዲራህማን፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ
2. ወ/ሮ ሃሊሞ፣ አባል፣ የልብስ ነጋዴ
3. አቶ አለምብርሃን፣ አባል፣ በፓርኩ ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ሠራተኛ
4. አቶ ዛኪር፣ አባል
5. ይሳቅ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለው
6. ወ/ት ዊዳድ ሂሻም፣ ባለጉዳይ፣ ድምፅ የሌላቸው

ምልዓተ ጉባኤ፦ የማኅበሩ ኮሚቴ ሰባት አባላት ሲኖሩት ምልዓተ ጉባኤው በአራት ይሟላል። አራት ተገኝተዋል። ከአራቱ አንዱ ከወጣ ስብሰባው እንደሚፈርስ ለአባላቱ ያስታወሱት አቶ ዛኪር ናቸው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ስልኩ

አቶ ዛኪር ሲያስረዱ፣ የተደወለው ከከዚራ ሰፈር ሰው ጭነው ሲወርዱ መሆኑን፣ ደዋይዋ የሰፈር ሰው አለመሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቅ እንደነበር ተናግረዋል። “ዊዳድ ሂሻም አለችኝ። ወላሂ የባንክ ጉዳይ መስሎኝ! ፉርጎ ብትለኝ ኖሮ ከነእናቷ ከነአያቷ እነግራት ነበር” ያሉት ቃል በቃል እንዲመዘገብ ስለጠየቁ ተመዝግቧል።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ወ/ት ዊዳድ በልጅነታቸው ታናናሾቻቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ አያይዘው ከኋላቸው ያስከትሉ ነበር። ይህን ያዩት አቶ አብዲራህማን ፉርጎ አሏቸው፤ ስሙ ጸንቶ ቀረ። አቶ አለምብርሃን፣ ከፊት ሆኖ የሚጎትተው ፉርጎ ሳይሆን ባቡሩ ነው ሲሉ የሥርዓት ጥያቄ አንስተዋል። ሰብሳቢው ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እሳቸው መሆናቸውን ገልጸው ጥያቄውን ዘግተዋል።

ወ/ሮ ሃሊሞ፣ “ግድግዳ ለግድግዳ ኖረህ የልጅቱን ስም አታውቅም? አያሳፍርህም አንተ?” ብለዋል። አቶ ዛኪር፣ “አንቺስ የኔን አባት ስም ታውቂያለሽ?” ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሃሊሞ ዝም ብለዋል። አቶ ዛኪር ዝምታውም እንዲመዘገብ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው ነገሩን ለማጣራት የተገኙት ሰዎች በመዝገብ ስማቸው እንዲጠሩ አዘዋል። “አለምብርሃን” ተብሎ ሲጠራ አቶ አለምብርሃንን ጨምሮ ማንም አቤት አላለም። በሰፈሩ ሜትር በመባል ስለሚታወቁ ከስማቸው ጎን ይኸው እንዲጻፍ ሆኗል። ወ/ሮ ሃሊሞ፣ “እንግዲያ ፊሽካም ይጻፍ” ሲሉ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ፊሽካ ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። አባላቱ ሁሉ እሳቸውን አይተዋል። ሰብሳቢው ቅጽል ስም እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልሰሙም ነበርና ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።

ስብሰባው ሲቀጥል ወ/ት ዊዳድ ዕድል ተሰጥቷቸው፣ ይህ አምስተኛ ማመልከቻቸው መሆኑን፣ ስለ እሳቸው ለመጠየቅ ስልክ ያነሳ መሥሪያ ቤት ግን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ አስረድተዋል። ፋብሪካው ሁለተኛ ሪፈረንስ ለሆኑት ለአቶ አብዲራህማን ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት እንደሚደውልም ነግሯቸዋል። “እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው አቦ። ሲደወል አውቃታለሁ በሉ። በቃ።” ሰብሳቢው ሐሳቡ ገንቢ መሆኑን፣ ሆኖም በአጀንዳ እንዳልተያዘ ገልጸዋል።

በአቶ ዛኪር ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ወ/ሮ ሃሊሞ ጠይቀዋል። የተከሰሰ አባል በእሱ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም የሚል ደንብ አለ፤ አቶ ዛኪር ከወጡ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ዛኪር ባጃጃቸው ውስጥ ሆነው በር ላይ እንዲቆሙ ተወስኗል። የፊት ጎማው ክፍሉ ውስጥ፣ አሽከርካሪው ውጭ ስለሆነ ሁለቱም ደንብ ተከብሯል። ማስጠንቀቂያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አቶ ዛኪር በጡሩምባ ተቃውመዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሲቪው

ጸሐፊው የወ/ት ዊዳድን ሲቪ አንብቧል። አንድ ገጽ ነው። ንባቡ ሳይታሰብ ስላለቀ አባላቱ ቀሪውን ጠብቀዋል።

ሰብሳቢው፣ “ሰው ሙሉ ዕድሜውን ኖሮ አንድ ገጽ ይሆናል?” ብለው፣ የአባት ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ የእናት ወገን እስከ አምስት ቤት እንዲጨመር ሐሳብ አቅርበዋል። ምክንያታቸው ፋብሪካው ውስጥ ዘመድ ሊኖር ስለሚችል ነው፤ “ካልጻፍነው በምን ያውቃታል?” የእናት ወገን የአቅራቢያው የጀልዴሳ ሰዎች ስለሆኑ ሁለት ቤት ቢቀነስባቸው ቅር ይላቸዋል የሚል ስጋት ቀርቦ፣ ሁለቱም ሰባት ሰባት እንዲሆን ተስማምተዋል።

ወ/ሮ ሃሊሞ፣ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ሥር “ያላገባች” ተብሎ ብቻ መቅረቱ ዋጋ የሚያወርድ መሆኑን በንግድ ልምዳቸው አስረድተዋል። ዕቃ ሌላ ፈላጊ እንዳለው ካልታወቀ ገዢው እንደሚኮራ ጠቅሰው፣ “ያላገባች፣ ነገር ግን ተጠይቃለች” እንዲባል አሳስበዋል። ወ/ት ዊዳድ ማን እንደጠየቃቸው ለማወቅ ፈልገዋል። ወ/ሮ ሃሊሞ ይህ ዝርዝር ስለሆነ ሲቪ ላይ አይጻፍም ብለዋል።

ቀጥሎ “የሥራ ልምድ” ከሚለው የሚከተለው ተነቧል፦ “በአንድ የልብስ ሱቅ የሚገባውን ዕቃ ስፈትሽ እጅጌያቸው እኩል ያልሆነ ሸሚዞች አግኝቼ፣ ወደ አምጪው ነጋዴ እንዲመለሱ አድርጌያለሁ።”

ወ/ሮ ሃሊሞ የማን ሱቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወ/ት ዊዳድ ስም አለመጻፋቸውን መልሰዋል። ወ/ሮ ሃሊሞ፣ “ድሬ ውስጥ የኔን ሱቅ የማያውቅ አለ? ይህን ከምትጽፊ እዚያው ቀፊራ ገበያ መሐል ቆመሽ ብትጮኺብኝ ይሻል ነበር!” ብለዋል።

አቶ አለምብርሃን፣ በሚሠሩበት ፋብሪካ ማመልከቻ ሲከመር እንደሚያዩ፣ ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ታማኝ፣ ሁሉም በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል እንደሆነ፣ አንባቢው ቀና የሚለው አንድ ሰው ምን እንደሠራ ሲነገረው ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። በዚህ ወረቀት ላይ ያለችው እንዲህ ዓይነት አረፍተ ነገርም የሸሚዞቹ ብቻ ናት ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሸሚዞቹ አረፍተ ነገር በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ እንዲሰረዝ ተወስኗል። አቶ ዛኪር የደገፉት ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላቸው በማሰብ ነው። በምትኩ “ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል” ይገባል። አቶ ዛኪር ከባጃጁ ውስጥ፣ “ከሃሊሞ ጋር ሠርታለች፣ ከዚህ የባሰ ምን ጫና አለ?” ያሉት ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዟል። ወጥቷል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ማመልከቻ ደብዳቤው

የወ/ት ዊዳድ ደብዳቤ አራት አረፍተ ነገር ነው። የትኛውን ሥራ እንደፈለጉ፣ ምን እንደሚችሉ፣ ለፋብሪካው ምን እንደሚጠቅሙ፣ መቼ መጀመር እንደሚችሉ ይናገራል።

ሰብሳቢው፣ “ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል ሥራ ስጡኝ ይላል እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ አሳደግን!” ብለው አዲስ ደብዳቤ በቃል አስጽፈዋል። ማንም ቅር እንዳይለው ሰላምታው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዲሆን ተደርጓል። የሥራ አስኪያጁ፣ የባለቤታቸውና የልጆቻቸው ጤንነት፣ ሙቀቱን እንዴት እንደቻሉት፣ ከውጭ የመጡ ከሆነም አገር ቤት የቀሩት ወላጆቻቸው ደህንነት ተጠይቋል። ጸሐፊው ሁለተኛው ገጽ መጋመሱን ሲያሳስብ ሰብሳቢው፣ “እንግዲያ ‘በነገራችን ላይ’ ብለህ ሥራውን አስገባ” ብለዋል።

ሰብሳቢው አክለው፣ ይህን ያህል ደብዳቤ ብቻውን አይላክም፣ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘውት ይሂዱ ብለዋል። አቶ አለምብርሃን የፓርኩ ጥበቃ ባጅ የሌለው ሽማግሌ እንደማያስገባ አስታውሰዋል።

ወ/ሮ ሃሊሞ ይህን ሐሳብ ከሥር መሠረቱ ተቃውመዋል። “እኛ የሴት ወገን ነን! የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት አይታችኋል? ልጅቱን ከፈለጓት እነሱ ይላኩ!” አባላቱ ይህ እንዴት ሳይታያቸው እንደቀረ ተገርመዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ደብዳቤው እንዳይላክ፣ የፋብሪካው ሽማግሌዎች ሳቢያን ድረስ እስኪመጡ እንዲጠበቅ፣ ሲመጡም ወዲያው እሺ እንዳይባሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ወ/ት ዊዳድ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል።

በዚህ ጊዜ የሰብሳቢው ስልክ ጮኸ። አቶ ዛኪር፣ “ሽማግሌው ደወለ!” ብለዋል።

ሰብሳቢው ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ካነሱ በኋላ ለደዋይዋ ሰላምታ አቅርበዋል። ደዋይዋ በመሐል ሦስት ጊዜ “አባቴ፣ ይቅርታ” ብላለች። በመጨረሻ ዊዳድ ሂሻምን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቀች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድነት አዎ ብሏል። ጸሐፊውም ድምፅ ሳይኖረው ብሏል።

ደዋይዋ፣ “ስህተት ያለበት ዕቃ ስታይ ምን ታደርጋለች?” ስትል ጠየቀች። ሰብሳቢው ወ/ሮ ሃሊሞን አዩ፤ ወ/ት ዊዳድን አዩ። ከዚያም፣ “ልጄ፣ አልዋሽሽም። ዝም አትልም። የጎረቤቷን ሸሚዝ እንኳ አስመልሳለች” አሉ።

ወ/ሮ ሃሊሞ ስልኩን ከሰብሳቢው እጅ ወስደው የሱቃቸውን ስም አስከብረዋል። የተናገሩት የሚከተለው ነው፦ “ስሚኝ እህቴ፣ ባለሱቋ እኔ ነኝ። እጅጌው የተዛነፈው ሁለት ሸሚዝ ብቻ ነው፣ ሁለት! ለዓይን እንኳ አይታይም። እሷ ግን ሜትር ይዛ አንድ በአንድ ለካች። ሁለቱን አውጥተን ሌላውን እንሽጥ አልኳት፣ ለመንኳት። አይሆንም፣ አንዱን ያበላሸ ሌላውንም አበላሽቷል ብላ እስሩን ሁሉ አስጭና መለሰችብኝ። ለዒድ ገበያ ባዶ መደርደሪያ ይዤ ቀረሁ! እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው በሕይወትሽ አይተሽ አታውቂም!”

ከስልኩ ማዶ የመጻፍ ድምፅ ተሰምቷል። ደዋይዋ የባለሱቋን ሙሉ ስም ጠይቃ መዝግባለች። ሰብሳቢው የተሻሻለ ሲቪና ደብዳቤ ሊላክ መሆኑን ሲነግሯት፣ የማመልከቻ ጊዜው ባለፈው ሳምንት ስላለቀ ምንም እንደማይቀበሉ፣ ያለው አንድ ገጽ እንደሚበቃ ገልጻ አመስግናለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ማስጠንቀቂያው ተነስቷል፤ ሁለቱም የትውልድ ሐረግ ተሰርዟል፤ ጋብቻ የጠየቀ አለመኖሩ ታምኗል፤ የሸሚዞቹ አረፍተ ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። ወ/ሮ ሃሊሞ በስልክ የተናገሩትም አብሮ እንዲሻር ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ኮሚቴው የመሻር ሥልጣን ያለው በራሱ ውሳኔ ላይ ብቻ እንደሆነ አስረድተዋል።

ወ/ሮ ሃሊሞ ለወ/ት ዊዳድ፣ “ሰኞ አዲስ ዕቃ ይገባልኛል። ፋብሪካው ካልወሰደሽ ነይና እዪልኝ” ብለዋል። ወ/ት ዊዳድ፣ “ቢወስደኝስ?” ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሃሊሞ፣ “ያኔማ አላህ ያውቃል፣ ማንን አምኜ ልገዛ ነው?” ብለዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ከ50 ተበትኗል። ፋብሪካው ውሳኔውን ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን ከቀትር በፊት ያሳውቃል።