ለላቴ የፈላ ስኳር

ስኳር በውሃ አፍልቶ ስሙን የሚለውጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቤት አንዷ አለች፤ ልጄ ናት። ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ብታጣ፣ ከስልኳ እያየች ስኳርና ቀረፋ ማፍላት ጀመረች። ጠርሙሱ ላይ «የላቴ ሽሮፕ» ብላ ጻፈች፤ ላቴ የምትለው ወተት የበዛበትን ቡና ነው። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ይህን ግን ባላነበው ይሻለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ሽሮፕ ለሳል ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ስልካቸውን እንጂ ቀኑን አያዩም። ደብረ ታቦር ላለ ካፌ ልትሸጥ እኔን አስከትላ የሄደችው ረቡዕ ነው። ያለ ወተት ምን ላቴ አለ?

የካፌው ባለቤት፣ ሐጂ፣ ጠርሙሱን እያገላበጡ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔስ እጠጣው ነበር። ደንበኞቼ ግን ዛሬ ጾመኞች ናቸው። ለማን ላቅርበው?»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እንባዋን ሰው ፊት እንዳታፈስ ፈራሁ።

«ጥቁር ቡና ላይ ጠብ ያድርጉና ለእኔ ይስጡኝ» አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከጾም አያስወጣኝም።

ቤቱ ሁሉ እያየኝ ፉት አልኩ።

«እንዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ወተት አያስፈልገውም።» ማሞገስ ስላልለመድኩ ይህን ያልኩት ሲኒውን እያየሁ ነው።

ሐጂ አሰብ አደረጉና፣ «በይ እንግዲያው፣ ለረቡዕና ለዓርብ ሁለት ሁለት ጠርሙስ አምጪልኝ» አሏት።

መንገድ ላይ፣ «አባባ፣ የምርዎን ነው?» አለችኝ።

«ቀረፋው በዝቷል» አልኳት። ሁለተኛ ሲኒ ሳስቀዳ ግን አይታኛለች።