የእትዬ ባይነሽ እስረኞች

ማንም ሳይሾማት የተሾመች፣ ማንም ሊሽራት የማይችል ዳኛ የሌለችበት ግቢ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። አለ የሚል ሰው ግቢ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። አንዱ ጋ ዳኝነቷ በውሃ ወረፋ ላይ ነው፣ ሌላው ጋ በልጆች ኳስ ላይ። ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ስንታየሁ ተወልዶ ባደገበት ግቢ ግን ችሎቱ የሚሰየመው በጓሮ አትክልት ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ተከሳሾቹም ባለ ላባ፣ ባለ ቀንድና ባለ ጭራ ነበሩ። ክብርት ዳኛዋ እትዬ ባይነሽ ይባላሉ።

ጓሮ ሲባል ሰፊ እንዳይመስላችሁ። ከግንቡ ሥር እንደ መቀነት የተዘረጋች መሬት ናት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ አንድ ጌሾ፣ ጥግ ላይ ጎረቤታቸው ዙህራ ከስልጤ አምጥታ የተከለችላቸው እንሰት፣ ከዚያ ደግሞ ለወፎች ተብሎ ሳይቆረጥ የሚቀር ጥቂት በቆሎ። መርካቶን የሚያህል ገበያ ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ እያለ፣ የሰፈሩ ፍጥረት ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በዚችው ላይ ነበር። የግቢው ዶሮ ሲነጋ ጉዞው ወደዚያ ነው። ለበዓል የተገዛ በግ ገመዱን የሚበጥሰው ወደዚያ ለመሮጥ ነው። ዋኖሶቹ ቆርቆሮ ላይ ተሰልፈው ያደፍጣሉ፤ ከነሱ በላይ ጭልፊት ይዞራል።

"በሕግ አምላክ!"

እትዬ ባይነሽ ይህን ሲሉ ዶሮዋ ቀጥ ትላለች። እውነቴን ነው። ዛሬ ሰው እንኳ በሕግ አምላክ ሲባል ዞሮ አያይም፤ የዚያ ግቢ ዶሮዎች ግን አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ይቆሙ ነበር። ከዚያ እስር ነው። ዶሮ ከሆነች እንቅብ ይደፋባታል። በግና ፍየል ከጌሾው ግንድ ጋር ይቆራኛል። ባለቤቱ ሰምቶ ሲመጣ፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

"ምን አጠፋች እትዬ?"

"ጎመን በላች።"

"እተካለሁ።"

"ጎመን በጎመን አይተካም። ዋስ ጥራ!"

ካሳ አይቀበሉም፣ ልመናም አይሰሙም። ዋስ ብቻ። ዋሱንም የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ይህ የየትኛው ሕግ አንቀጽ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ሟች ባላቸው የፍርድ ቤት ዘበኛ ስለነበሩ፣ ሕጉን ከበር ላይ ለቃቅመው እንዳመጡላቸው ይታመናል።

የእስረኛ አያያዛቸው ግን አይታማም። ጥሬ ይበተናል፣ ውሃ ይቀርባል፣ እዚያ የተጣለ እንቁላል ለባለቤቱ ይመለሳል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ ዛሬ የተፈታችው ነገ በገዛ ፈቃዷ እጇን ልትሰጥ ትመጣለች። ድመቷ ጎመኑ መሃል ተጋድማ ፀሐይ ስትሞቅ ማንም አይነካትም፤ አይጥ ስለምትይዝላቸው "የኤምባሲ ሰው ናት" ይላሉ እትዬ። ጥርሱ ያለቀው ውሻቸው ጠርጥር ሥርዓት አስከባሪ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያስከብረው ተኝቶ ነው። በግንቡ ተንጠላጥሎ እየመጣ ጫጩት የሚወስደው ሸለምጥማጥ ደግሞ በሌለበት ተፈርዶበታል።

"ወንጀለኛ ማለት እሱ ነው" ይላሉ። "ዋስ የሚሆነው ጎረቤት የለውም።"

አንድ ጊዜ የዙህራ የአረፋ ፍየል ታሰረ። ዙህራ ቅመም ነጋዴ ናት፤ ምላሷም እንደ ሚጥሚጣዋ ነው። በዚያ ሰሞን ከስንታየሁ እናት ከደብሪቱ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ተኳርፈው፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባ ነበር። እትዬ ባይነሽ የፍየሉን ጀርባ እያሻሹ፣ "ደብሪቱን ዋስ ጥሪ" አሏት።

"ከሷ ሌላ ሰው የለም? ግቢው ሙሉ አይደል እንዴ!"

"እንግዲያው ፍየሉ አረፋን እዚሁ ይዋላ።"

ዙህራ እያጉረመረመች ሄዳ ጠራቻት። ደብሪቱ ፊቷን አጥቁራ መጣች። ፍየሉ ግን ችሎቱ ፊት የዳኛዋን ነጠላ ጫፍ ማኘክ ጀመረና፣ ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ሳይተያዩ፣ ቀጥሎ እየተያዩ ሳቁ። ማታ የሁለቱም ልብስ አንድ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ስንታየሁ ያኔ ነገሩን እንደ ቀልድ አለፈው። "ሥራ የፈቱ ሴትዮ!" ብሎም ነበር።

ደብሪቱ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ጴጥሮስ ለቅሶ አልደረሰም።

ጴጥሮስ ማለት በሩ ከስንታየሁ በር ፊት ለፊት የሆነ፣ እናቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ደብሪቱ አጉርሳ ያሳደገችው አብሮ አደጉ ነው። ሁለቱ ልጆች ሆነው የእትዬን እሸት ሰርቀው ሲያዙ፣ እትዬ የሸሚዛቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ካዋሏቸው በኋላ አንዱን ለአንዱ ዋስ አድርገው ፈትተዋቸዋል። ደብሪቱ የሞተች ጊዜ ጴጥሮስ በርበሬ ሊጭን አላባ ወርዶ፣ ስልኩ ጠፍቶበት፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ደረሰ። የዚያን ቀን አፈረና በሩን ዘጋ። በማግስቱ የባሰ አፈረ። ሰው በቀኑ ያላለውን "እግዚአብሔር ያጽናህ" በሳምንቱ ማለት ይከብደዋል፣ በወሩ ደግሞ አፉም አይታዘዝለትም። ስንታየሁም "እናቴን ያልቀበረ!" ብሎ ቆረጠ። ሰላምታ ቀረ።

ግቢው ለልማት እንደሚነሳ የተነገረው በዚህ መሃል ነው። ለስንታየሁ በከተማው አንዱ ዳር፣ ለጴጥሮስ በሌላው ዳር ቤት ደረሳቸው። ዕቃ በሚታሰርበት ሳምንት የስንታየሁ ቀይ አውራ ዶሮ ጎመን በላ ተብሎ ታሰረ። ደብሪቱ ከጫጩትነቱ ያሳደገችው፣ ከእጇ የቀረለት ሕያው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

"ዋስ ጥራ" አሉት እትዬ።

"ማንን?"

"ጴጥሮስን።"

"እትዬ፣ እሱን ከምጠራ ዶሮው ይቅርብኝ!"

"ይቅርብህ።"

ማለቱ ቀላል ነው። ዶሮው እንቅብ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ፣ ስንታየሁ እናቱ "ተነሳ፣ ነግቷል" የምትለው እየመሰለው ይነቃ ጀመር። ጎህ ሲቀድ እስረኛውን ሊያስመልጥ ወጣ። ጠርጥር አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ጨፈነ። ስንታየሁ እንቅቡ ጋ ሲደርስ ግን ደንግጦ ቆመ። ጓሮው ባዶ ነው። ጎመኑ ዶሮው ከመታሰሩ በፊት ተነቅሎ ለጎረቤት ታድሏል፤ ራሱም ድርሻውን ቀቅሎ በልቷል! ታዲያ ዶሮው የቱን ጎመን በላ? ጎንበስ ቢል፣ ከገዛ ደጃፉ እስከ እንቅቡ ድረስ በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ በመስመር ተንጠባጥቧል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው።

እትዬ ባይነሽ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

"እትዬ፣ ይሄ በቆሎ ከየት መጣ?"

"ዋስ ጥራ አልኩህ እንጂ በቆሎ ልቀም አልኩህ?"

ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገባው። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ። ፊት ለፊትህ እያለ ያላንኳኳኸውን በር፣ ነገ ታክሲ ይዘህ ሄደህ ልታንኳኳው ነው? እኔስ ከእንግዲህ የት አግኝቼ አስራችኋለሁ?"

ስንታየሁ ሄዶ አንኳኳ። ጴጥሮስ ገመድ እንደያዘ ወጣ።

"ዶሮ ታስሮብኝ ነው" አለው ስንታየሁ፣ መሬት መሬት እያየ። "ዋስ ሁነኝ።"

"የእማዬ ደብሪቱ ዶሮ?" ብሎ ጀመረ ጴጥሮስ፣ መጨረስ ግን አቃተው። "አፍሬ ነው እኮ ስንታየሁ። አፍሬ ነው።" የዘገየው "እግዚአብሔር ያጽናህ" ከእንባው ጋር ወጣ። ድንኳን በሌለበት፣ በተጠቀለለ ፍራሽና በታሰረ ካርቶን መሃል ቆመው ተላቀሱ። እትዬ መጥተው እንቅቡን አነሱ። ዶሮው ጥሬውን ስላልጨረሰ አልወጣም።

አሁን እትዬ ባይነሽ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይኖራሉ። ስንታየሁ ከላስቲክ ዕቃ ሱቁ የወሰደላቸውን ጀሪካን ለሁለት አስቀድደው፣ ከምን አለሽ ተራ የመጣ ጣሳ ጨምረው፣ ከመስኮታቸው ሥር ጎመን ተክለዋል። ባለፈው በዓል ሊጠይቃቸው ሄዶ ስለ አዲሱ ሰፈር ቢጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ደህና ነው። ጥፋተኛ ግን የለም።"

እውነትም በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ጎመኑ አንድም ፍጥረት ሳይነካው አርጅቷል። ስንታየሁ ያን ያልተነካ ጎመን አይቶ ሆዱ ባባ። ድሮ ያማርረው የነበረው ጩኸት፣ እንቅቡ፣ ፍየሉ፣ ዋስ ፍለጋ ከበር በር መዞሩ ሁሉ ናፈቀው።

በቀጣዩ እሑድ፣ በረንዳው ላይ ያኖረውን ቀይ አውራ ዶሮ ዘንቢል ውስጥ ከትቶ፣ ጴጥሮስን አስከትሎ ሄደ። ጴጥሮስ እስኪጠራ ደረጃው ሥር ተደበቀ። ስንታየሁ ዶሮውን ጎመኑ ላይ ለቀቀው።

"በሕግ አምላክ!"

ድምፃቸው የድሮው ነው። ዶሮው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ።

"የኔ ነው እትዬ" አለ ስንታየሁ አንገቱን ደፍቶ። "ዋሴም ይኸው።"

ጴጥሮስ ብቅ አለ። እትዬ ባይነሽ ሁለቱንም ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው። ዓይናቸው ረጥቧል፤ ፊታቸው ግን የዳኛ ፊት ነው።

"ይሄን አልቀበልም። ከሱ ጋር ታርቀሃል።" በአገጫቸው ከቤታቸው ትይዩ ያለውን ዝግ በር አመለከቱት። "እዚያ ያለችውን ጥራ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደምን አደርሽ ተባብለን አናውቅም።"

ስንታየሁ ሄዶ አንኳኳ። አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ይቅርታ እህቴ" አላት። "ዶሮ ታስሮብኝ ነው። ዋስ ትሆኚኛለሽ?"