ሰማያዊው ርስት

(ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፤ በፈረንጆች 1993 የካናዳ ምርጫ ምሽት። የዘውዴ አፓርትመንት፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ከታችኛው ፎቅ በደረጃ የወጣው ጓደኛው ኢሳያስ ያለከልካል።)

ኢሳያስ፦ ይሄን ቀይ የምርጫ ቅስቀሳ ሳይን ከባልኮንህ አውርድ አልኩህ!

ዘውዴ፦ ምን አደረገህ? ያሰጣሁትን ልብስ ከነፋስ ይከልልልኛል።

ኢሳያስ፦ የሊበራል ፓርቲ ነዋ! እዚህ ሰፈር የሚያሸንፈው ሰማያዊው ነው፣ ኮንሰርቫቲቩ። አንተ እኮ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባህ። ጽጌ ከካርቱም እንድትመጣ ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም?

ዘውዴ፦ ሚስቴ አይደለች እንዴ! በናፍቆት አለቅኩ እኮ።

ኢሳያስ፦ እንግዲያው ኢሚግሬሽን ኮል አድርጎ ፋይሏን የሚያንቀሳቅስልህ የሰፈሩ የፓርላማ ተመራጭ ነው። ሳይንህን አይቶ ቢቀየምህስ?

ዘውዴ፦ ማሸነፉን በምን አወቅህ? ቆጠራው መች አለቀ?

ኢሳያስ፦ ታሪክ አንብቤ ነዋ! ይሄን የፓርላማ ወንበር መጀመሪያ አንድ ኮሎኔል ያዙት። ከዚያ ጠበቃቸው። ከዚያ የጠበቃው አማች። ሰማያዊ ያልሆነ ሰው ደርሶበት አያውቅም።

ዘውዴ፦ ርስት ነው በለኛ።

ኢሳያስ፦ ርስት! ጎሽ፣ አሁን ገባህ።

ዘውዴ፦ ርስትማ አያቴም ነበራቸው። ማን ይነካዋል ሲሉ ሲሉ፣ አንድ ቀን ሬዲዮ ተከፈተና የለም ተባለ።

ኢሳያስ፦ እሱ አብዮት ነው፤ ይሄ ካናዳ ነው! ሰውየው እኮ ቅስቀሳም አልወጣም። ምን ቆርጦት? ተኝቶ ያሸንፋል።

ዘውዴ፦ የቀዩ ፓርቲ ተወዳዳሪ ሴትዮ ግን መጥታ ነበር። ኤለቬተሩ ተበላሽቶ ይሄን ሁሉ ደረጃ በእግሯ! ቤቴ የመጣ እንግዳ እንዴት ጾሙን ይሂድ? ሽሮ አቀረብኩላት። ሳይኗን ስትሰጠኝ እምቢ ልበላት?

ኢሳያስ፦ አበላሃት?! የኔንም በር አንኳኩታለች። በቀዳዳ አየኋትና ድምፄን አጠፋሁ። ከተሸናፊ ጋር ምን አነካካኝ! እናቴን የማስመጣበት የስፖንሰር ፋይል ያለው ሰማያዊው ሰውዬ ቢሮ ነው።

(ቴሌቪዥኑ የሰፈሩን ውጤት ይናገራል። የአንዲት ሴት ፎቶ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቀይ ነው።)

ዘውዴ፦ ያቺው ናት! አሸነፈች!

ኢሳያስ፦ ተሳስተው ነው። ቻናል ቀይር!

(ዘውዴ ይቀይራል። ያቺው ሴትዮ እየሳቀች እጇን ታውለበልባለች።)

ዘውዴ፦ እዚህም እሷ ናት። የዘንድሮው ርስት ደግሞ በቴሌቪዥን ሄደ።

ኢሳያስ፦ (ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል) የእናቴ ነገር አበቃለት በለኛ… (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዘውዴዬ፣ ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ታስታውስሃለች?

ዘውዴ፦ ሽሮዬን ጠርጋ በልታ ትረሳኛለች? የጽጌንም ነገር ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ስለ አንተም ጠይቃኛለች።

ኢሳያስ፦ (ብድግ ይላል) ስለ እኔ?

ዘውዴ፦ «ታች ያለው ሰውዬ ከበሩ ጀርባ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር፤ ለምንድነው ያልከፈተልኝ?» አለችኝ።

ኢሳያስ፦ ምን አልካት? በእናትህ፣ ምን አልካት?

ዘውዴ፦ «አትቀየሚው፣ ክፋት የለበትም፤ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚገባው ነው» አልኳት።