ቤዝ አወፋሪው ንዑስ ኮሚቴ

በከተማችን ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። ድልድያችን ሁለት ጊዜ ተመርቋል፤ ከሥሩ ግን ውሃ አልፎ አያውቅም። የአውቶቡስ መናኸሪያው ሰዓት ባለፈው ዓመት በአዲስ ተተክቷል፤ እሱም እንደ አሮጌው ቆሟል፤ ቢሆንም አቋቋሙ ያማረ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የባህል ቤታችን ቦርድ ድምፁ የቀጠነ አንድ ቤዝ ጊታር ለማወፈር ያደረገው ተጋድሎ ነው። ይህን ያህል የተማረ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስለ አራት ክር ይህን ያህል ያሰበበት ጊዜ የለም።

ቤዙን የሚመታው ኦግኒያን ነው። ኦግኒያን ቀን ቀን የአውቶቡስ ፍሬን ይጠግናል፤ ማታና በዓል ደግሞ በባህል ቤቱ ባንድ ውስጥ ከኋላ፣ ከከበሮው አጠገብ ይቆማል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች ቦታ ላይ ቆሟል፤ የወለሉ እንጨት በእሱ ጫማ ልክ ጎድጉዷል። ሰው ቤዝን በጆሮው ልብ አይለውም። ግን ክብ ጭፈራው ሲጀመር፣ ሽማግሌው ሁሉ ተያይዞ ሲዞር፣ እግሩን የሚያነሳለትና የሚያስቀምጥለት ቤዙ ነው።

ጊታሩ የባህል ቤቱ ንብረት ነው። ኦግኒያን ፈርሞ ተረክቦታል። የንብረት ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ድሮ በሙጫ ነበር የተለጠፈችው፤ የኦግኒያን ላብ እያሟሟ ጣላት። የንብረት ኃላፊዋ ወይዘሮ ስቶያንካ ይህን አይተው ዝም አላሉም። የመብራት ቆጣሪ የሚታሸግበትን ዓይነት ሽቦና የእርሳስ ማኅተም ይዘው መጡ። ቆርቆሮዋን በሽቦው አንጠለጠሉ፤ ሽቦውን ክሮቹ በሚታሰሩበት ብረት ሥር አሳለፉ፤ ከዚያ አንደኛውን የድምፅ ማዞሪያ ጥምጥም አድርገው ጠፈሩትና ማኅተሙን ተጫኑበት። ሲጠመጥሙ ማዞሪያው አብሮ ዞሮ ዞሮ ተዘጋ።

በዚያ ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር ሁለት ማግኔት አለ። የፊተኛው ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፤ የኋለኛው ቀጭኑን። የተዘጋው የፊተኛው ነው። የቀረው ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ተርብ ድምፅ ነበር።

ኦግኒያን እዚያው ነገራቸው።

«ወይዘሮ ስቶያንካ፣ ማዞሪያውን ዘጉብኝ እኮ።»

«ተዘግቶ ይሻላል» አሉት። «ክፍት ንብረት ይጠፋል።»

ማኅተሙን መፍታት የሚችለው የቆጠራ ኮሚቴው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰበሰበው በየአምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ማኅተም የሰበረ ንብረቱን አስረክቦ ከባንዱ ይሰናበታል። ይህም ኦግኒያን በፈረመበት ወረቀት ላይ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

በወይን ለቀማው በዓል ጉዱ ፈላ። ክብ ጭፈራው ተጀመረ፤ እግር ቤዙን ፈለገ፤ ቤዙ የለም። ግማሹ ክብ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ግማሹ ወደ ግራ፤ ሊቀመንበራችን ክቡር ክሩሞቭም መሀል ላይ ተጋጭተው ከሁለት አሮጊት ጋር ወደቁ። ክቡር ክሩሞቭ የቃሪያ ማቆያ ፋብሪካ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፋብሪካው የተዘጋው በእሳቸው ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ልምዳቸው ሰፊ ነው። ጉልበታቸው በፋሻ እንደታሰረ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

ኦግኒያን አጭር ንግግር አደረገ። ሽቦው ይቆረጥ፣ ማዞሪያው ይከፈት፣ ሁላችንም ቤታችን እንግባ አለ።

«ኦግኒያን፣ ችግሩን ከሥሩ እንጂ ከላዩ ማየት የለብንም» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ሥሩ እኮ ሽቦው ነው።»

«ሽቦው ደንብ ነው። ደንብ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ድምፅ ሊያቀጥን አይችልም።»

ይህ ቃል እንዳማረበት ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

ቦርዱ በሙሉ ድምፅ የቤዝ አወፋሪ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ሽቦ ለመቁረጥ የሚሆን በጀት የለም፤ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ግን አለ። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ቬንቺ ሆነ። ቬንቺ ኪቦርድ ይጫወታል። እንደሱ አባባል የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዝ ይመታል፤ ሰው አያስፈልገውም። እኔን ከጠየቃችሁ ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ የሚያስል ሰው ነው የሚመስለው። ቦርዱም እንዲህ ወሰነ፦ በግንቦት እስከሚከበረው የፊደል በዓል ድረስ ቤዙ ካልወፈረ ኦግኒያን በክብር ይሸኛል፤ የቤዙን ሥራ የቬንቺ ግራ እጅ ይረከባል። እንግዲህ መወፈር አለመወፈሩን የሚፈርደው ቬንቺ ነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ሰው ከየት ይመጣል።

የመጀመሪያው ፔዳል በጥር መጣ። ፕሪአምፕ ይሉታል፤ በጫማ የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መሀል ይቀመጣል፤ የከሳ ድምፅ በአንድ ጎን ይገባል፣ ከታች ከታች ሥጋ ለብሶ በሌላ ጎን ይወጣል። ሐቁን ለመናገር ጥሩ ዕቃ ነበር። ኦግኒያን ሦስቱን ማዞሪያዎች እየነካካ፣ የወፍራሙን ጨመር፣ የቀጭኑን ቀነስ ሲያደርግ ተርቧ ከጠርሙሱ ወጣች። ወለል የሚወለውሉት እማማ ኔዴልያ እንኳ መወልወያቸውን ደገፍ ብለው፣ አሁን ነፍስ ዘራ አሉ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ዘራ። ከዚያ ወይዘሮ ስቶያንካ ሽቦአቸውን ይዘው ገቡ። ንብረት ነዋ። ቆርቆሮዋን አንጠለጠሉ፤ ሽቦውን በሦስቱም ማዞሪያ ላይ አዟዟሩ፤ ሦስቱም ተዘጉ፤ ማኅተሙን ተጫኑ።

ቬንቺ ሁለተኛ ፔዳል አስመጣ። ይህኛው ውስጡ የመስታወት አምፖል አለው፤ ድምፁን ያሞቃል ይባላል። ከሣጥኑ ሳይወጣ ኮሪደሩ ላይ ታሸገ። ሆኖም አምፖሉ ይበራ ስለነበር ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሀል እጃቸውን ይሞቁበት ጀመር፤ በዚህም ማሞቁ ተረጋገጠ። ሦስተኛው ትልቅ ነው፤ አምስት ማዞሪያ አለው። ወይዘሮ ስቶያንካ እርሳስ አልቆባቸው ከባላቸው የዓሣ መረብ ላይ ፈትተው አመጡ። ባልየው እስካሁን ዳኑብ ወንዝ ላይ መረቡ እየተንሳፈፈበት ነው።

በሚያዝያ ንዑስ ኮሚቴው ልኬታ አደረገ። ኦግኒያን በሦስት የታሸጉ ፔዳሎች ውስጥ አሳልፎ መታ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ከማጉያው ፊት ቆሙ። ምሳ ባቄላ ሾርባ በልተው ነበር።

«ይሰማኛል» አሉ በተመስጦ። «ከታች በኩል ወፈር ያለ ነገር አለ።»

«አርባ በመቶ» ብሎ ጻፈ ቬንቺ።

«አርባ በመቶ ከምኑ?» አለ ኦግኒያን።

«ከዕቅዱ።»

«ዕቅዱ ስንት ነው?»

«እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጸድቃል።»

ከበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀር ቬንቺ ሜትርና ጠመኔ ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ። የኪቦርዱ እግር የሚያርፍበትን አራት ነጥብ አሰመረ፤ አራቱም ያረፉት ኦግኒያን ሃያ ሁለት ዓመት የቆመባት ጉድጓድ ላይ ነው። ኦግኒያን አየው። ዳቦውንና የበርበሬ ድልሁን ይዞ በጓሮ በኩል ደረጃው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ዳቦውን ግን አልቆረሰም። ለባንዱ መጥፋት አልነበረም ያዘነው፤ ባንዱ ይኖራል። ሰው እሱ ሳይኖር እንደ በፊቱ ይዞር እንደሆን ነው የፈራው።

እማማ ኔዴልያ ባልዲያቸውን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አውቶቡስ ፍሬን ሲነክስብህ ማንን ታስፈቅዳለህ?»

«ይሄ ሌላ ነው፣ እማማ። ፈርሜያለሁ።»

«ማንበብ መጻፍ መቻል እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ። «እኔ ፊርማ አላውቅም። ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አስፈርሞኝ አያውቅም።» ባልዲያቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «በበዓሉ ፔዳሎቹ ሲመረቁ ሪባን የሚያስረው ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት። ሁልጊዜም እርስዎ ነዎት።»

«በል ዳቦህን ብላ።»

የፊደል በዓል ደረሰ። ልጆች አበባ ይዘው ተሰለፉ፤ ባንዲራው ተሰቀለ። ከአውራጃው ታላቅ እንግዳ መጡ፤ ሦስቱን ፔዳሎች መርቀው ሊከፍቱ ነው። ፔዳሎቹ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ በጠረጴዛ ላይ ያለ ፔዳል እንዴት እንደሚረገጥ ማንም አልጠየቀም። እማማ ኔዴልያ ሪባኑን ከመጀመሪያው ፔዳል ጀምረው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው አሳልፈው፣ ኦግኒያን ደረት ላይ ያለው ጊታር ድረስ አመጡት። እዚያም ከሽቦው ጋር አጣምረው ትልቅ አበባ ቋጠሩበት። ሽቦው ከአበባው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

እንግዳው ተናገሩ። የድምፅ ውፍረት ለአንድ ከተማ ሁለንተናዊ ዕድገት ያለውን ሚና አብራሩ። ከዚያ እጃቸውን ለመቀስ ዘረጉ። የክብር መቀሱ ካዝና ውስጥ ነው፤ ታሽጓል። ሊቀመንበሩ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። እማማ ኔዴልያ ከሽርጣቸው ኪስ የወይን ሐረግ የሚከረክሙበትን መቀስ አውጥተው በእንግዳው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«እዚህ አበባው ላይ ነው፣ ክቡርነትዎ። ጠበቅ አድርገው።»

እንግዳው ጠበቅ አደረጉ። ቀጭ አለ። ሪባን ይህን ያህል ጉልበት መብላቱ ገርሟቸው፣ የአገር ውስጥ ምርት መሆኑን ጠይቀው አደነቁ። ቆርቆሮዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ወይዘሮ ስቶያንካ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ማኅተሙን የቆረጠው ማን እንደሆነ አዩ፤ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ አልፎ ተርፎም አጨበጨቡ።

ኦግኒያን በትንሽ ጣቱ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ከዚያ የታችኛውን ክር መታ።

ድምፁ ከወለሉ ነው የወጣው። የውሃ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፉ አዛውንት ነቅተው የሚስታቸውን እጅ ያዙ። ክብ ጭፈራው ሳይጠራ ተሠራ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ፤ ሊቀመንበሩም በታሰረ ጉልበታቸው ገቡና አልወደቁም። ኦግኒያን ቦታው ላይ ቆሞ፣ ሰዉ እግሩን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ እያየ፣ ላቡን እንኳ አልጠረገም።

«ፔዳሎቹ!» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ ጠረጴዛው እየጠቆሙ። «ፔዳሎቹ ሠሩ!»

ፔዳሎቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሪባን ስለተጠመጠመባቸው ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አልተገኘም፤ ኦግኒያን ጊታሩን በቀጥታ ከማጉያው ጋር አገናኝቶታል።

ቦርዱ በማግሥቱ ተሰብስቦ ለፔዳሎቹ ምስጋና፣ ለቬንቺ የምስክር ወረቀት ሰጠ፤ ግራ እጁን ለሌላ አገራዊ ጥሪ እንዲያቆይም አቅጣጫ ተቀመጠ። ጠመኔውን እማማ ኔዴልያ በእርጥብ ጨርቅ አጠፉት። የተገኘው ውፍረት እንዳይሰረቅ ደግሞ ጊታሩ እንደገና እንዲታሸግ ተወሰነ። ኦግኒያን ማዞሪያውን በተከፈተበት ያዘና፣ እንዲሁ እንዳለ ያሽጉልኝ ብሎ ለመነ። ወይዘሮ ስቶያንካ መመሪያውን አሳዩት፦ ማንኛውም ዕቃ የሚታሸገው ተዘግቶ ነው።

ቤዙ ቀጠነ። ቦርዱ በጥልቀት ገመገመ፤ የምረቃው ኃይል አልቋል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። መፍትሔው ግልጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ፔዳሎች በየበዓሉ ይመረቃሉ፤ በየማግሥቱ ይታሸጋሉ። እስካሁን ሰባት ጊዜ ተመርቀዋል፤ ድልድያችን እንኳ ይህን ክብር አላገኘም። ኦግኒያንን መሸኘት የሚለው አጀንዳ ዳግም አልተነሳም፤ ሪባኑን የሚሸከም ደረት ያስፈልጋላ።

በሰባተኛው ምረቃ ላይ የአውራጃው እንግዳ፣ በልምድ ብዛት እጃቸው የፈረጠመ፣ ሽቦውን በአንድ ጊዜ በጠሱትና ኦግኒያንን ወደ ጎን ወሰዱት። ልምዱን ለአውራጃው ሁሉ ሊያስፋፉት እንደሆነ ነገሩት፤ ከሦስቱ ፔዳሎች የትኛው እንደሚሠራ እውነቱን ይንገራቸው። ኦግኒያን አሰበ። እንግዳው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሰባት ጊዜ አድነውታል። ሊዋሻቸው አልወደደም።

በአገጩ የወይኑን መቀስ አመለከታቸው። እንግዳው ገና በእጃቸው ይዘውት ነበር።

«እሱ ነው የሚሠራው፣ ክቡርነትዎ። እዚህ ቤት ውስጥ ያልታሸገው እሱ ብቻ ነው።»

እንግዳው መቀሱን ገለባብጠው አዩት፤ ፊታቸው በረዥም ሐሳብ ጠቆረ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ስቶያንካ ዞሩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ቁጥር ያልተሰጠው ለምንድን ነው?»

ወይዘሮ ስቶያንካ ከቦርሳቸው ሽቦውን እስኪያወጡ፣ እማማ ኔዴልያ መቀሳቸውን ከእንግዳው እጅ ላይ ቀስ አድርገው ወስደው፣ ሽርጣቸው ኪስ ከተው፣ በጓሮ በር በኩል ወይናቸውን ሊከረክሙ ሄደዋል።