የኩዋባራ ሰንሰይ ኪሎ ሜትር

መንገድ ጠይቃችሁት «ኧረ ሩቅ ነው፣ ባትሄዱ ይሻላችኋል» ያላችሁ ሰው አለ? የለም። በየአገሩ፣ በየመንገዱ ዳር አንድ «ቅርብ ነው» ባይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እጁን ወደ አድማስ ይዘረጋል፣ ፈገግ ይላል፣ «ይቺውላችሁ!» ይላል። ታምኑታላችሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እግራችሁ ተልጦ ስትራገሙት እሱ ቤቱ ገብቶ ሻዩን እየጠጣ ነው። ክፋት የለበትም እኮ። እንዲያውም ሲበዛ ደግ ሰው ነው፤ መከራውም የሚመጣው ከዚሁ ደግነቱ ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ ሊቃውንት፣ የ«ቅርብ ነው» ባዮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የኡራሃማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሩጫ ቡድን አሰልጣኝ የነበሩት ክቡር ኩዋባራ ሰንሰይ ናቸው። «ሰንሰይ» መምህር ማለት ነው፤ የሚያስተምሩት ጂኦግራፊ ነበር። አዎ፣ ካርታና ርቀት የሚያስተምሩ ሰው!

እሳቸው አውቶቡስ ለመያዝ እንኳ ሮጠው አያውቁም። የቀድሞው አሰልጣኝ ተዛውረው ሲሄዱ ርእሰ መምህሩ «ቡድኑን ማን ይያዝልን?» ብለው መምህራኑን ሰበሰቡ አሉ። ሌላው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ ኩዋባራ ሰንሰይ በመስኮት ወፍ እያዩ ስለነበር ቀና እንዳሉ ተያዙ። በማግስቱ ብስክሌትና የድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። የሥልጠና ዘዴያቸውም ይኸው ነበር፤ ከኋላ በብስክሌት ይከተሉናል፣ በማጉያው ይጮኻሉ።

«ይቺው ናት! ደርሳችኋል! ከዚያች ጥድ ቀጥሎ ነው!»

ከጥዷ ቀጥሎ ሌላ ጥድ አለ። ከሱም ቀጥሎ ሌላ። የአገራችን የባሕር ዳርቻ ጥድ በጥድ ነው።

በየቀኑ የምንሮጠው የወደቡን የመብራት ማማ ዞሮ የሚመለሰውን መንገድ ነበር። «ልክ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፣ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ» ብለውናል። አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በመንገዱ ላይ የርቀት ምልክት ተከለ። የቡድኑ አምበል ኦኖዴራ፣ ከኔ በአንድ ክፍል የሚበልጥ፣ ከአፉ በቀን አሥር ቃል የማይወጣው ልጅ፣ ሰንሰይ ዘንድ ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሰንሰይ፣ መንገዱ ሰባት ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ነው።»

«ማን አለ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ።»

ኩዋባራ ሰንሰይ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። «ማዘጋጃ ቤቱ» አሉ በሐዘኔታ፣ «ዳገቱንም ቆጥሮት ይሆናል።»

እቤታቸውም ያው ናቸው። ሚስታቸው የሩዝ ድብልብል ሊያበሉን ሲመጡ አጫውተውናል። «ሲያገባኝ ‹ቤታችን ባሕሩ አጠገብ ነው፣ በመስኮት ዓሣ ታጠምጃለሽ› አለኝ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ባሕሩን ለማየት አውቶቡስ እይዛለሁ!» ሰንሰይ ከጎናቸው ቆመው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ነፋስ ሲኖር ይሸታል» አሉ። በዚያ ንግግራቸው ሳምንት ሙሉ ስቀናል።

ያ ዓመት ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። በኤኪደን፣ በረጅሙ የጎዳና ቅብብሎሽ ሩጫችን፣ ዱላ የለም፤ ከትከሻ ወደ ወገብ በሰያፍ የሚታጠቅ ታሱኪ የሚባል ጥብጣብ አለ። ሰባት ልጅ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ተከፋፍሎ፣ አንዱ ላቡን የጠጣውን ታሱኪ እያወለቀ ለሌላው እያቀበለ፣ መጨረሻው ሯጭ ስታዲየም ያስገባዋል። የኛው ጥቁር አረንጓዴ ነበር፣ በነጭ ክር ስማችን የተጠለፈበት። በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ አሸንፎ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ቀርቶም አያውቅም። የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ውድድር ነበራ የምንሮጠው፤ እዚያ የሚጣደፍ የለም፣ የመጨረሻው እስኪገባ ይጠበቃል።

ታዲያ ልጅ ከየመንደሩ እያለቀ ሄደና ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች አራት ብቻ ቀሩ። ውድድራችን ተሰረዘ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተደባለቅን። የነሱ ሕግ ደግሞ ጭካኔ ነው። ከመሪው በአሥራ አምስት ደቂቃ ከዘገየህ አትጠበቅም፤ ቀጣዩ ሯጭህ ነጭ የውሰት ታሱኪ ታጥቆ እንዲነሣ ይደረጋል። ያንተው እጅህ ላይ ይቀራል። ይህ «ተቆረጠ» ይባላል። የኛም ትምህርት ቤት በመጋቢት ሊዘጋ ተወስኗል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከእግዜር የለመንነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታሱኪያችን በሰው ደረት ላይ ሆኖ፣ ሳይቆረጥ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስታዲየም ይግባ።

የትልልቆቹን ጉልበት ያየነው በነሐሴ፣ በአምስት ሺህ ሜትር ውድድር ነው። እነሱ ከየአውራጃው ተለቅመው የመጡ፣ ጭናቸው እንደ በር መቃን፣ አሰልጣኛቸው በየዙሩ በለሆሳስ ሰከንድ የሚነግሯቸው። እኛ ኩዋባራ ሰንሰይ አሉን። ሁለት ጊዜ ተደርቤ፣ ዓይኔ ጭጋግ ሲለብስ፣ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ኔዙ! የመጨረሻ ዙርህ ነው! ይቺው ናት!» ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ በረርኩ። መስመሩን አልፌ በጀርባዬ ተዘረርኩ። አንድ ዳኛ ጎንበስ ብለው በአክብሮት «ይቅርታ ተማሪ፣ ሁለት ዙር ይቀርዎታል» አሉኝ። ተነሥቼ ሮጥኩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበልኝ። ኩዋባራ ሰንሰይ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። አንቄ ልገድላቸው ነበር።

የኤኪደኑ ቀን በጥቅምት መጨረሻ፣ ብርዱ ጣት የሚቆርጥበት እሑድ ነበር። እኛ ልክ ሰባት ነን፤ አንዱ ቢያስነጥስ ተተኪ የለንም። እኔ ስድስተኛ፣ ኦኖዴራ መጨረሻ። አምስቱ ልጆች ጉድ ሠሩ! ታሱኪው እጄ ሲገባ ከመሪው የራቅነው ገና አሥራ ሦስት ደቂቃ ነበር። ሳልቆረጥ ለመድረስ ከምርጥ ሰዓቴ በአሥር ሰከንድ መፍጠን ነበረብኝ። አሥር ሰከንድ ምንም አይደለችም፣ በጥርሴም ቢሆን አመጣታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

አመጣኋትም ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ነዳጅ ማደያው ዳር ኩዋባራ ሰንሰይ ሰዓታቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ፊቴን አዩት። ምን እንደመሰልኩ እንጃ፣ የሚያሳዝን ሳይሆን አይቀርም። «ጊዜ ሞልቷል፣ ኔዙ! ይቺው ናት!» አሉ። ከነሐሴ ወዲህ እንኳ አለመማሬ! ማመን ፈለግኩና አመንኳቸው። ለጥቂት እርምጃ ትከሻዬን ለቀቅ አደረግኩ፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ኩርባ ስዞር የመቁረጫው ፊሽካ ተነፋ።

ኦኖዴራ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። አንገቱን ዝቅ አደረገና ነጩን ታሱኪ ታጥቆ ሄደ። እኔ መስመሩ ላይ የደረስኩት ከሰባት ሰከንድ በኋላ ነው። አርባ ሦስት ዓመት በኔ እጅ ተቆረጠ። ያችን ጥቂት እርምጃ እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ ሆኜ እረግጣታለሁ።

ታሱኪያችን ስታዲየም የገባው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ቡድኑ ፊት ተንበርክኬ «ይቅርታ» ስል ኦኖዴራ በክንዴ ጎትቶ አስነሣኝ። ያን ጊዜ ኩዋባራ ሰንሰይ መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በኔ፣ በሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፊት፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱ።

«ሰዓቱን አይቼዋለሁ። ጊዜ እንደሌለህ አውቅ ነበር። አፌ ለምዶ . . .»

«አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ቢነግሩን ምን ነበረበት!» ብዬ ጮኽኩ። ለመምህር እንዲህ አይባልም። እኔ ግን አልኩ።

«ልክ ነህ» አሉ። ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ። የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ወላጆች አይተው እንዳላዩ እያለፉ ነበር። ከዚያ ሰንሰይ ቀና አሉና ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። «ጫማችሁን አድርጉ» አሉ። «የሰባተኛው ሯጭ መንገድ የትም አልሄደም፣ እዚያው አለ።»

አምስት ኪሎ ሜትሩን አንዴ የሮጠው ኦኖዴራ ነበር መጀመሪያ የተነሣው።

በትምህርት ቤቱ ትንሽ ቫን ተጠቅጥቀን ታሱኪው ወደተቆረጠበት መቀባበያ ተመለስን። መንገዱ ለመኪና ተከፍቷል፣ ዳኞቹ ሄደዋል፣ የኖራው መስመር ግን አስፋልቱ ላይ ነበር። ኦኖዴራ ነጩን ትቶ መስመሩ ላይ ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። እኔ ነዳጅ ማደያው ድረስ ተመለስኩና ታሱኪያችንን ታጥቄ ተነሣሁ። ማንም ሰዓት አልያዘም፣ እኔ ግን የዚያን ቀን ያን ኪሎ ሜትር የሮጥኩትን ያህል በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። ታሱኪውን አወለቅኩ፣ በሁለት እጄ ወጠርኩና እጁ ላይ አኖርኩት።

«ዘገየህ» አለኝ።

ሳቅኩ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም። እሱ ግን ታጥቆ ተፈተለከ፤ ሰማንያ ሜትር እንደሄደ ቀይ መብራት ያዘው። ደረስንበት። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አብረን ሆንን። በየመብራቱ እየቆምን፣ የሽንኩርት ከረጢት ይዘው ለሚሻገሩ እናቶች መንገድ እየለቀቅን፣ ሰባት ልጅ በአንድ ታሱኪ። ከኋላችን ኩዋባራ ሰንሰይ በሙሉ ልብሳቸው፣ ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጦ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሮጣሉ። ሲያለከልኩ እስከ ወዲያኛው መንገድ ይሰማል።

ዛሬም እሮጣለሁ። እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓት ስንት እንደቀረኝ በሜትር ይነግረኛል፤ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ አዝኖልኝም አያውቅም። ትምህርት ቤቱ የዓሣ መረብ መጋዘን ሆኗል። ኩዋባራ ሰንሰይ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ኦሳካ ገብተዋል። ስልክ ስደውል «ምን አለ ብቅ ብትል፣ አጠገብህ እኮ ነኝ» ይሉኛል። በባቡር ቀኑን ሙሉ ነው። ድምፃቸውን ከሰማሁ በኋላ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ይናፍቀኛል፤ ከዚያ በላይ ግን የሳቸው ጩኸት ነው የሚናፍቀኝ።

የዚያን ቀን የስታዲየሙ ጣሪያ ከሕንፃዎቹ በላይ ብቅ ሲል ማንም «ደረስን» አላለም። ኦኖዴራ እርምጃውን ቀነሰ። እኛም ቀነስን። በሩ ጋ ስንደርስ ቡድኑ ያልቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያልቃል፣ በመጋቢት አንዳችን ወዲያ አንዳችን ወዲህ እንበተናለን፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መቶ ሜትር ያህል ሲቀረን ኩዋባራ ሰንሰይ ከኋላ ተጣሩ።

«ቆዩኝማ፣ ልጆች። የጫማዬን ማሰሪያ ልሰር።»

ተንበርክከው ጫማቸው ላይ አቀረቀሩ። ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ ከጣሪያው ጀርባ እየወረደች ነበር። የሳቸው ጫማ ማሰሪያ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚጠለቅ ነው፤ ሁላችንም አይተናል። ኦኖዴራ ታሱኪውን እንደታጠቀ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። እኛም ሄድንና ዙሪያቸውን ቆመን፣ አስረው እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።