ግምት የማትወደዋ ኢንጂነር

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም፤ የኔ ሥራ ብየዳ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ከሁለተኛ ክፍል ነው። የበርና የመስኮት ብረት ስጡኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመዋለሁ፤ ብዕር ስይዝ ግን እጄ የሰው እጅ ይመስለኛል። ይህንንም የምጽፈው ወርክሾፔን ዘግቼ፣ ማንም እንዳያየኝ ወደ ግድግዳ ዞሬ ነው። ስህተት ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ስለዚህች ልጅ ግን እኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ያልተመረቀ ኢንጂነር የሌለበት ሰፈር የለም። ውሃ የማይመጣበት ሰፈር አለ፣ ታክሲ የማይገባበትም ሞልቷል፤ ተማሪ ኢንጂነር ግን ለየሰፈሩ አንድ አንድ የታደለ ይመስላል። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። ዲፓርትመንት የደረሰው ዕለት ስሙ ይቀየራል። እናቱ ሳትቀር "ኢንጂነር፣ ምሳህ ቀርቧል" ማለት ትጀምራለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እሱ ያለበት ቦታ አምፖል መቀየር ቀላል ነገር አይሆንም።

የኛ የቀራንዮዎቹ ክብርት ኢንጂነር እፀገነት ናት። በጽሑፍ አንቱ ልላት አስቤ ነበር፤ ግን ስትድህ የማውቃት፣ ከብረቶቼ መሀል ስንት ጊዜ አንስቼ ለእናቷ የመለስኳት ልጅ ስለሆነች ብዕሬ እምቢ አለኝ።

የዛሬ አራት ዓመት "ኤሌክትሪካል ደረሰኝ!" ብላ ስትመጣ እናቷ እትዬ ጥሩብርሃን እልልታቸውን አቀለጡት። በማግስቱ በራቸው ላይ ሰልፍ ሆነ። የማይሠራ ስቶቭ፣ የሚያንኮራፋ ራዲዮ፣ የተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ። ልጅቷ እስከዚያ ቀን የተማረችው ሒሳብ ብቻ ነበር። ይህን ግን ማን ይሰማል? የባለሱቋን የአልፊያን ካውያ ተቀበለች፣ ፈታችው፣ ስለ ሙቀትና ስለ ሽቦ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችን፣ መልሳ ገጠመችው። ካውያው አልሠራም። ሦስት ብሎን ደግሞ ተረፈ።

"እነዚህስ?" አለች አልፊያ።

"ትርፍ ናቸው" አለች ክብርት ኢንጂነር፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አልፊያ "እንደምን አደርሽ" ብላት አታውቅም። ሰላምታዋ "ኢንጂነር፣ ብሎኖቼ ደህና ናቸው?" ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።

ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ያፍራል። እፀገነት ግን ቴስተር ገዛች። ቴስተር ማለት ሁለት ሽቦ ያለው፣ ሶኬት ውስጥ ሲከቱት የመብራቱን ኃይል በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ነው። እንደ ማተብ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን "ይመስለኛል" ማለት ክልክል ሆነ። ገና አፍህን ከፍተህ "መብራቱ ዛሬ ትንሽ..." ስትል፣ እጇን ታነሳለች፦ "ግምት አልወድም። እንለካ።"

ለቅሶ ቤት ትገባለች፤ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ድንኳኑ ውስጥ ስንት አምፖል እንደተቀጠለ ትጠይቃለች። ሰርግ ላይ ሙዚቃውን አስቁማ ገመድ ዳስሳለች፤ "ሞቋል!" ብላ ሙሽሮቹን ከነወንበራቸው አስነስታለች። አንድ ቀን ከዘነበወርቅ በታክሲ ስንመጣ የመኪናው መብራት ለምን እንደሚደበዝዝ ለሹፌሩ ከኋላ ወንበር ታስረዳው ጀመር። ረዳቱ ቢጨንቀው "እህቴ፣ ወራጅ ነሽ ወይስ ሌክቸር ነው?" አላት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷ ወረደች፤ በመስኮቱ በኩል ግን አልጨረሰችም ነበር።

እኔ ደግሞ የሰፈሩ ተከሳሽ ነበርኩ። ማሽኔን ስለኩስ የጎረቤት አምፖል ይደክማል፣ የአልፊያ ፍሪጅ ያጓራል። ስለዚህ የማንም ዕቃ ቢቃጠል "ፈቀደ ነው" ይባላል። ወርክሾፔን ዘግቼ ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ በነበርኩበት ቀን የተቃጠለ ቴሌቪዥን እንኳ በኔ ተሳብቧል። እኔ መከራከር አልችልም፤ ሰው ጮክ ሲል ምላሴ ይታሰራል። አንገቴን ደፍቼ እበይዳለሁ።

ባለፈው መስከረም እፀገነት ወርክሾፔ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ የሰፈራችን መብራት ለምን እንደሚደክም ማጥናት ነው።

"ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እርስዎ ነዎት ይላል" አለችኝ።

"እኔ እሆናለሁ" አልኳት።

"ግምት አልወድም። እንለካ።"

ግድግዳዬ ላይ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ሰቀለች፤ ሙሉው መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ ከዚያ ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። እሷ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ናት፤ የምኖረው ከወርክሾፑ ጀርባ ስለሆነ በቀን ሦስት ጊዜ እያየሁ እንድጽፍላት ደብተር ሰጠችኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት። ቁጥር እችላለሁ፤ ብረት የሚቆረጠው በቁጥር ነው። "ከጎኑ ደግሞ ምን እየተሠራ እንደነበር ይጻፉ" ስትለኝ ግን ደነገጥኩ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው" አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወረቀት በሰጠኝ ቁጥር የምላት ይህችን ነው።

አየችኝ። መነጽር እንደሌለኝ ታውቃለች፤ ከመዳህ ዕድሜዋ ጀምሮ አይታብኝ አታውቅም። ደብተሩን ተቀብላ ልባሱ ላይ በትልልቁ ስድስት ነገር ጻፈች፦ ብየዳ አለ፣ ብየዳ ቆሟል፣ ዝናብ፣ መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ እንግዳ። "ጋሼ፣ የዛሬው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይዩና እሱን ይገልብጡ" አለችኝ። ሄደች። ይህን ነገር ለእናቷም አልተናገረችም።

እኔም ገለበጥኩ። መጀመሪያ አንዷን ቃል ለመጻፍ አንድ ብረት ከመቁረጥ የበለጠ ያልበኝ ነበር። ኅዳር ላይ ልባሱን ማየት ተውኩ። ጥር ላይ እሷ ያልሰጠችኝን ቃል ጻፍኩ፦ "ብርድ"። እሱን የጻፍኩ ዕለት ሥራ ዘግቼ ገባሁ።

ግንቦት ላይ ተማሪዎቹ ሥራቸውን በሦስት መምህራን ፊት ቆመው የሚከላከሉበት ቀን ደረሰ። እትዬ ጥሩብርሃን የምርቃቱን ቀሚስ አሰፍተው ጨርሰዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሰፈሩ መርቆ ሸኛት።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተመለሰች። ቴስተሩ አንገቷ ላይ የለም። ቤቷ አልገባችም፤ ወርክሾፔ ገብታ ብረት ላይ ተቀመጠች።

"ውሸታም አሉኝ፣ ጋሼ።"

ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ውስጥ ከታ በሥዕል አሳይታቸው ነበር። ሥዕሉ ላይ የሰፈራችን መብራት ከሁሉ የሚደክመው በእኩለ ሌሊትና በንጋት መሀል ሆኖ ወጣ። ሰብሳቢው ዶክተር "ቀራንዮ ራት የሚበስለው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ቀጥለው ደግሞ ሳይስቁ "ልጄ፣ ይህ የተለካ ነው ወይስ የተገመተ?" አሏት። እስከ ሐሙስ ማስረጃ ካላመጣች ሥራው ይሰረዛል። ምርቃቱ ለከርሞ ነው።

"የተገመተ" የምትለዋ ቃል ናት የገደለቻት። ማጽናናት አላውቅበትም። ማድረግ የምችለውን አደረግኩ፤ ሰዓቴን አየሁ፣ "ስምንት ሰዓት ሆኗል" አልኩና ተነስቼ መለኪያውን አነበብኩ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፦ ቀን 8፣ 204፣ ብየዳ ቆሟል።

እፀገነት እጄን ታያለች። ከዚያ ስልኳን አየች። እንደገና እጄን አየች።

"ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው ያሉት?"

"ስምንት።"

"ስልኬ ሁለት ነው የሚለው!"

"ስልክሽማ የፈረንጅ ነው" አልኳት።

ጩኸቷን አልፊያ ከሱቋ ሰማች። እኔ "ማታ 2" ብዬ የጻፍኩትን እሷ እንዳለ ሁለት ብላ ከታዋለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ሲባል የሚያውቀው የኛን ሌሊት ስምንት ነው። ራታችንን ሁሉ ወስዶ ሌሊት አስበስሎናል! ጠዋት ሦስትን ሌሊት ዘጠኝ፣ ቀን ስምንትን ጠዋት ሁለት አድርጎታል።

"ኮምፒውተሩ የኛን ሰዓት ያውቃል ብዬ ገምቼ!" አለች ራሷን ይዛ። "እኔ! ገምቼ!"

"ኢንጂነር፣ አራተኛው ብሎን ተገኘ?" አለች አልፊያ፣ በሩ ላይ ቆማ።

ሐሙስ ዕለት እኔን ይዛኝ ሄደች። "የጻፈው ሰው ይምጣ" ተብላለች። ለሰርግ የማወጣትን ኮት ለበስኩ። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ዘበኛው ሲፈትሸኝ ወደ ቤቴ እንዲመልሰኝ በልቤ ለምኜው ነበር፤ አሳለፈኝ።

ሦስቱ መምህራን ተቀምጠዋል። እፀገነት ሰዓቱን ያስተካከለችበትን አዲሱን ሥዕል አሳየቻቸው፣ ስህተቷንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ደብተሬን አንስተው ገለጡት። ጥግ ጥጉ ዘይት ነው፣ አንዳንዱ ገጽ ተበስቷል።

"አባት፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"አዎ" አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ አላውቅም።

"እስቲ አንዱን ያንብቡልን።"

መነጽሬን ረስቻለሁ የምትለዋ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዞር ብዬ ልጅቷን አየሁ። ራሷን አልነቀነቀችም፣ አልጠቀሰችኝም፤ መለኪያ እንደምታነብ ታየኛለች። ጣቴን ፊደሉ ላይ አደረግኩ።

"ሚያዝያ... ዘጠኝ። ማታ ሁለት ሰዓት። መቶ... ስልሳ ስምንት። ብየዳ... ቆሟል። አልፊያ ቤት... እንግዳ።"

ከመሀል የተቀመጠችው መምህርት "እንግዳውንና መብራቱን ምን አገናኛቸው?" አለችኝ።

"እንግዳ ሲመጣ ሦስት ስቶቭ ነው የሚሰካው" አልኳት። ሳቁ። ሳቃቸው ግን የማያሳፍር ዓይነት ነበር።

"ይህ ቀዳዳስ?" አሉ ሰብሳቢው።

"የብየዳ ፍንጣሪ ነው።"

ሰብሳቢው ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት፣ ለጓደኞቻቸው አቀበሉ። "ይህን ማንም ቢሮ ተቀምጦ አይፈጥረውም" አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። "አባት፣ ብየዳ ሲኖር መቶ ሰማንያ፣ ሥራ ዘግተው ራት ሲበስል መቶ ስልሳ ስምንት። ሰፈሩን የሚያደክመው የእርስዎ ማሽን አይደለም፤ ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ነው የቀጠነው። ልጅቷ ያረጋገጠችው ይህን ነው።"

ለስንት ዓመት የደፋሁት አንገት ነው፤ ያን ጊዜ ቀና ሲል ተሰማኝ።

"እኚህ ማን ናቸው ብለን እንመዝግብ?" አለች መምህርቷ ለእፀገነት።

"አቶ ፈቀደ። የጥናቱ መረጃ ሰብሳቢ ባለሙያ" አለች ክብርት ኢንጂነር፣ ሦስቱን ብሎኖች ትርፍ ናቸው ባለችበት በዚያው ድምፅ። በዚህኛው ግን አመንኳት።

ኤ ሰጧት። ሙሉ ኤ! ከታክሲ ስንወርድ እትዬ ጥሩብርሃን ከሩቅ ፊታችንን አይተው እልልታውን ጀመሩት፤ የግቢው ሴቶች ተቀበሉት፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት እንጨት ሠሪዎች መጋዛቸውን አቁመው አጨበጨቡ። እሷ ግን በእልልታው መሀል እየዞረች "ፈቀደ አይደለም! ሽቦው ነው! ተለክቷል!" ትላለች። ቴሌቪዥኑ የተቃጠለበት ሰውዬ ጋ ድረስ ሄዳ ነገረችው። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም "ምንም አይደል" አልኩ፤ ከዚያ በላይ ብናገር ማልቀሴ ነበር።

አፏ ያደክማል፤ አልዋሽም። ከሷ ጋር አንድ አምፖል መቀየር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግን እኔን ሁሉም ሰው ገምቶኛል፤ ጥፋተኛው እሱ ነው ብሎ። የለካችኝ እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ቤታቸው እንኳን ደስ ያላችሁ በሚል ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ክብርት ኢንጂነር በጓሮ በር ሾልካ ወጣች። ቴስተሩ አንገቷ ላይ ነው። አልፊያ ሱቅ ገብታ፣ ከኪሷ የክብሪት ቀፎ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ሦስት ብሎን። አራት ዓመት አስቀምጣቸዋለች።

"ካውያውን አምጪው፣ እትዬ አልፊያ።"

"ጣልኩት እኮ" አለች አልፊያ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር አቧራውን እየጠረገች አወጣችው።

እፀገነት መጀመሪያ ሶኬቱን ለካች። ካውያውን ፈታች፣ የተበጠሰውን ሽቦ ቀየረች፣ ሦስቱንም ብሎን ቦታ ቦታቸው አሰረች። ሰካችው። አልፊያ ሻሿን ከራሷ አውልቃ ዘረጋች፣ ውሃ ረጨት አደረገችና አንድ ጊዜ ሳበችበት። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ።

እኔ ወደ ወርክሾፔ ተመለስኩ። ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ባይኖርም ደብተሩን ገለጥኩ። ዓርብ፣ ጠዋት 3፣ 218። የአልፊያ ካውያ ሠራ።